የጤና ምርምር ማስረጃ ሲፈለግ፦ የትኛው ምንጭ ለየትኛው ጥያቄ?

«ለጤና ጥናት የትኛው ዳታቤዝ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ከተማሪም ከባለሙያም አፍ አይጠፋም። ጠያቂው ማስረጃውን ለምን እንደሚፈልገው ካልታወቀ ግን መልስ መስጠት ያስቸግራል። ታካሚ ፊቱ ተቀምጦ የመድኃኒት መጠን ማረጋገጥ የፈለገ ሐኪም አለ። የመመረቂያ ጽሑፏን የምታዘጋጅ የነርሲንግ ተማሪ አለች። የክፍሉን የሕክምና ፕሮቶኮል እንዲያድስ ኃላፊነት የተሰጠው ባለሙያም አለ። ሦስቱ ከአንድ ቦታ ቢጀምሩ ሁለቱ ጊዜያቸውን ያባክናሉ። ከዚህ በታች ዋና ዋናዎቹን ምንጮች አነጻጽራለሁ፤ የተገኘው ጥናት ምን ያህል እንደሚታመን መለያውንም አስከትላለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ጥያቄው

ባለሙያዎች «ፒኮ» የሚሉት የጥያቄ አቀራረጽ አራት ነገር ይጠይቃል፦ ታካሚው ማን ነው፣ ምን ይሰጠዋል፣ ያ ከምን ጋር ይነጻጸራል፣ የሚጠበቀውስ ውጤት ምንድን ነው። «ዚንክ ለተቅማጥ ይጠቅማል?» ብሎ የፈለገ ሰው በሺህ የሚቆጠር ጽሑፍ ይዘረገፍበታል። ጥያቄውን «ተቅማጥ ለያዛቸው ከ6 እስከ 59 ወር ዕድሜ ላሉ ሕፃናት በቀን 20 ሚሊግራም ዚንክ ከመስጠት 5 ወይም 10 ሚሊግራም ቢሰጥ ተቅማጡ እኩል ቶሎ ይቆማል? ትውከቱስ ይቀንሳል?» ብሎ ያጠበበው ግን ምን እንደሚቀበልና ምን እንደሚጥል ገና ሳይፈልግ ያውቃል።

የተጠናቀረ ማስረጃ ወይስ ጥሬ ጥናት?

ምንጮቹ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ሌሎች አንብበው፣ መዝነው ያጠናቀሩት ነው። ሁለተኛው እያንዳንዱ ጥናት እንደታተመ የሚገኝበት ነው። ብዙዎች ከሁለተኛው ይጀምራሉ፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ወደ ሁለተኛው የሚወረደው የተጠናቀረው ከሌለ ወይም ካረጀ ብቻ ቢሆን እመርጣለሁ። ከዚህ የሚለዩት ራሳቸው ሪቪው፣ ማለትም በአንድ ጥያቄ ላይ ያሉ ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ጽሑፍ፣ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፤ እነሱ ከጥሬው ጥናት ይጀምራሉ።

ከተጠናቀሩት ውስጥ ለአልጋ ዳር ጥያቄ የሚፈጥኑት እንደ አፕቱዴት፣ ዳይናሜድና ቢኤምጄ ቤስት ፕራክቲስ ያሉት ናቸው። በርዕስ በርዕስ የተደራጁ ናቸው፤ በደቂቃዎች ውስጥ መጠኑን፣ አማራጩን፣ ጥንቃቄውን ያሳያሉ። ድክመታቸው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ክፍያቸው ከባድ ስለሆነ ተቋም ካልገዛው ግለሰብ አይደፍረውም። ሁለተኛ፣ ጸሐፊዎቹ ከየጥናቱ የትኛውን እንዳነሱና የትኛውን እንደተዉ ሁልጊዜ አይታይም። ለታካሚ ይበቃሉ፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ግን ወደ ምንጩ መሄጃ መንገድ እንጂ ራሳቸው የሚጠቀሱ ማስረጃ ባይሆኑ ይሻላል።

የሕክምና መመሪያዎች፣ በተለይ የዓለም ጤና ድርጅትና ናይስ የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም የሚያወጧቸው፣ በነፃ ይገኛሉ፤ ፕሮቶኮል ለሚያድስ ሰው የመጀመሪያ ማረፊያ ናቸው። መመሪያ ሲነበብ ሁለት ነገር እንዳይምታታ፦ የምክሩ ጥንካሬና የማስረጃው አስተማማኝነት የተለያዩ ናቸው። «በጥብቅ ይመከራል» የሚል ምክር «አስተማማኝነቱ ዝቅተኛ» ከሚል ማስረጃ ጋር አብሮ ሊቀመጥ ይችላል። ሕይወት በሚያሰጋ ሁኔታ ውስጥ ለምሳሌ እንዲህ ያለው ጥምረት ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ምክንያቱ ግን በመመሪያው ውስጥ መጻፍ አለበት። ምክሩን ብቻ ገልብጦ ወደ ፕሮቶኮል የሚያስገባ ሰው ይህ ያመልጠዋል።

ሦስተኛው ሲስተማቲክ ሪቪው፣ ማለትም አስቀድሞ በተወሰነ ሥርዓት የተሠራ ሪቪው ነው፤ በዚህ ረገድ ስሙ የሚጠራው በ1993 የተመሠረተው ኮክሬን ነው። የድርጅቱ አርማ ራሱ ትምህርት ነው። በመካከሉ ያሉት አግድም መስመሮች ያለ ጊዜያቸው ሊወልዱ ለተቃረቡ እናቶች ኮርቲኮስቴሮይድ ስለመስጠት የተካሄዱ ሙከራዎች ናቸው። የመጀመሪያው ሙከራ በ1972 ታተመ። ሙከራዎቹን አንድ ላይ የደመረ ሪቪው እስኪወጣ ግን ከአሥር ዓመት በላይ አለፈ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ብዙ የማህፀን ሐኪሞች መድኃኒቱ የሕፃናትን ሞት እንደሚቀንስ አላወቁም ነበር። ማስረጃው ነበረ፤ የሰበሰበው ግን አልነበረም።

የኮክሬን ሪቪው ሲከፈት ከመደምደሚያው በፊት መታየት ያለበት ፍለጋው የተካሄደበት ቀን ነው። የታተመበት ቀን አይበቃም፤ ጽሑፉ ከመታተሙ ረዘም ያለ ጊዜ አስቀድሞ ፍለጋው የተዘጋ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ቀን በኋላ የወጣውን ለማየት ቀጥዬ ወደማነሳው የጥናቶች ዳታቤዝ፣ ወደ ፐብሜድ፣ መውረድ የግድ ይሆናል።

ፐብሜድ ወይስ ጉግል ስኮላር?

ትልቁ ክርክር እዚህ ነው። ተማሪዎች ጉግል ስኮላርን የሚወዱት ስለሚቀላቸው ነው፤ አልፈርድባቸውም።

ፐብሜድን የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ነው። ከ1996 ጀምሮ አለ፤ ከ35 ሚሊዮን በላይ የጽሑፍ መረጃዎችን በነፃ ያስፈትሻል። ጉልበቱ ያለው «ሜሽ» በሚባለው የርዕስ ቃላት መዝገብ ላይ ነው። አንዱ ጸሐፊ «ሃርት አታክ»፣ ሌላው «ማዮካርዲያል ኢንፋርክሽን» ብሎ ቢጽፍ መዝገቡ ሁለቱን በአንድ ርዕስ ሥር ያስቀምጣቸዋል፤ ፈላጊው አንዱን ቢጽፍ ሌላውም ይመጣለታል።

የዚንኩን ጥያቄ እንሞክረው። በእንግሊዝኛ «ዚንክ» እና «ዲያሪያ» ብለን በመካከላቸው «ኤንድ» የሚለውን ማያያዣ በትልልቅ ፊደል እናስገባለን። «ትውከት» የሚለውን አንጨምርም። ውጤትን የሚገልጹ ቃላት በአብስትራክቱ (በጽሑፉ አጭር ማጠቃለያ) ላይ ላይጠቀሱ ስለሚችሉ፣ ቢጨመሩ ጠቃሚውን ጥናት ከዝርዝሩ ያስወጡታል። ታካሚውና ሕክምናው ይበቃሉ። በጥቅስ ምልክት ውስጥ ማስገባትም ጥሩ አይደለም፤ ፐብሜድ ቃሉን ከሜሽ ጋር ማዛመዱን ይተውና የተጻፈውን ብቻ ቃል በቃል ይፈልጋል። ቀጥሎ በግራ በኩል ካሉት ማጣሪያዎች መጀመሪያ «ሲስተማቲክ ሪቪው»፣ ከዚያ «ራንደማይዝድ ትራያል» (በዕጣ የተመደበ ሙከራ) የሚሉትን በየተራ ተጭኖ ማየት ነው። በዚህ መንገድ ሲኬድ በ2020 የታተመና በሕንድና በታንዛንያ 4,500 ሕፃናትን ያሳተፈ ሙከራ ይገኛል። ሙከራው 20 ሚሊግራምን ከ10 እና ከ5 ሚሊግራም ጋር ያነጻጸረ ነው። አነስተኛዎቹ መጠኖች ተቅማጡን በማቆም ከ20 ሚሊግራም አላነሱም፤ ትውከትም ቀንሷል። ጥያቄያችን ከተቀረጸበት መንገድ ጋር ልክ የሚገጥም ጥናት ነው። ከገጹ ላይ «ተመሳሳይ ጽሑፎች» የሚለውን ሲጫኑት ደግሞ ዘመዶቹ ይከተላሉ።

በ2004 የተጀመረው ጉግል ስኮላር አሠራሩ ሌላ ነው። ሙሉ ጽሑፉን ውስጥ ገብቶ ስለሚፈትሽ በአብስትራክት ላይ ያልተነሳ ቃል ያገኛል። የመመረቂያ ጽሑፎችን፣ የተቋማት ሪፖርቶችን፣ በመጽሔት ያልወጡ ሥራዎችን ያመጣል። በነፃ የሚወርድ ቅጂ ካለ በቀኝ በኩል ያሳያል። «የጠቀሱት» የሚለው ማያያዣ ደግሞ ወደር የለውም፦ የ2020ውን የዚንክ ሙከራ አግኝቶ ከዚያ በኋላ እነማን እንደጠቀሱት መከተል አዲስ ሪቪው ወይም ተቃራኒ ውጤት ለማግኘት አጭሩ መንገድ ነው።

ጉድለቱም የዚያኑ ያህል ነው። «ሪቪው» ከሚለው በቀር በጥናት ዓይነት ማጣራት አይቻልም። ብዙ የተጠቀሰ ጽሑፍ ወደ ላይ ስለሚወጣ ያረጀ ጥናት ከአዲሱ ቀድሞ ይታያል። ስንት መቶ ሺህ ውጤት አገኘሁ ቢልም ከ1,000 በላይ አያሳይም። ተመሳሳይ ፍለጋ ዛሬና የዛሬ ወር አንድ ዓይነት ውጤት ላያመጣ ስለሚችል ለሪቪው ዋና ምንጭ መሆን አይችልም። ገንዘብ ተቀብለው ያለ ግምገማ የሚያትሙ መጽሔቶችንም ከደህናዎቹ ሳይለይ ይደረድራል። አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ፐብሜድን እመርጣለሁ፤ ጉግል ስኮላር ከእሱ ቀጥሎ ርዕሱ የታወቀ ጽሑፍ ለማግኘትና ጥቅሶችን ለመከተል ይግባ።

ሌሎቹን ባጭሩ፦ ኢምቤዝ በክፍያ ነው፤ በመድኃኒትና በጎንዮሽ ጉዳት ላይ እንዲሁም በኮንፈረንስ ጽሑፎች ከፐብሜድ ይሰፋል፤ ሲስተማቲክ ሪቪው የሚሠራ ሰው ሊዘለው አይገባም። ሲናል ለነርሲንግና ለተጓዳኝ የጤና ሙያዎች ነው። ሳይክኢንፎ ለአእምሮ ጤናና ለባህርይ ጥናት ነው። ፔድሮ በነፃ ነው፤ የፊዚዮቴራፒ ሙከራዎችን ከአሥር ነጥብ እየሰጠ ያቀርባል፤ ሌሎች ሙያዎችም ቢኖራቸው ያሰኛል።

ሙሉው ጽሑፍ ከተቆለፈ

አብስትራክት አንብቦ መወሰን አደገኛ ነው፤ ጥናቱ ያልተሳካለት ነገር ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በሠንጠረዦቹ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሙሉውን ለማግኘት መጀመሪያ ሙሉ ጽሑፎች በነፃ የሚቀመጡበት ፐብሜድ ሴንትራል፣ ቀጥሎ በአሳሽ ላይ ተጭኖ ነፃ ቅጂ የሚፈልገው አንፔይዎል ይሞከሩ። ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች ያሉ ተቋማት ደግሞ ሂናሪ አለላቸው። ይህ የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር በ2002 የጀመረው አገልግሎት ሲሆን በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ በሺህ የሚቆጠሩ መጽሔቶችን ይከፍታል። የሚመዘገበው ተቋሙ እንጂ ግለሰቡ ስላልሆነ የይለፍ ቃሉ በአብዛኛው ቤተ መጻሕፍቱ ዘንድ ነው፤ መጠየቅ ብቻ ነው። ይህም ካልሆነ ለጽሑፉ ተጠሪ ደራሲ ኢሜይል መጻፍ ነውር የለበትም። ብዙዎቹ ደስ እያላቸው ይልካሉ።

ያልታተመ ጽሑፍና የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መልስ

በአቻ ባለሙያዎች ሳይገመገም የሚለጠፍ ጽሑፍ፣ ማለትም ፕሪፕሪንት፣ ሁለት ገጽታ አለው። በሰኔ 2020 ዴክሳሜታዞን ኦክስጅን የሚያስፈልጋቸውን የኮቪድ ታካሚዎች ሞት እንደሚቀንስ ያሳየው የሪከቨሪ ሙከራ መጀመሪያ በፕሪፕሪንት ወጣ፤ በመጽሔት የታተመው በሚቀጥለው ወር ነው። የጠበቀ ሰው ሳምንታት ባከኑበት። በሌላ በኩል ኢቨርሜክቲን ሞትን በእጅጉ ይቀንሳል ያለ አንድ ፕሪፕሪንት በ2020 መጨረሻ ተለጥፎ፣ የብዙ ጥናቶችን ቁጥር በስሌት በሚደምሩ ሜታ-አናሊሲሶች ውስጥ ገብቶ፣ ውጤታቸውን ካዛባ በኋላ በሐምሌ 2021 መረጃው ስለተጠረጠረ እንዲነሳ ተደረገ። ልዩነቱን ማየት ይቻል ነበር፤ የመጀመሪያው አስቀድሞ የተመዘገበ፣ ፕሮቶኮሉ ለሁሉም የተገለጠ ትልቅ ሙከራ ነው። ስለዚህ ፕሪፕሪንትን ከመጣል ይልቅ ሙከራው ቀድሞ መመዝገቡን መጠየቅ ይበልጣል።

ቻትጂፒቲንና መሰሎቹን በተመለከተ፦ ጥያቄን ለመቅረጽና የፍለጋ ቃላትን ለማፍለቅ ይረዳሉ። የማይኖር ጽሑፍ በትክክለኛ ደራሲ ስም ፈጥረው ማቅረባቸው ግን የታወቀ ነው። የሰጡት ማጣቀሻ ፐብሜድ ላይ ካልተገኘ እንደሌለ ይቆጠር።

የትኛው የጥናት ዓይነት?

«ከሁሉ የሚበልጠው በዕጣ የተመደበ ሙከራ ነው» ይባላል፤ ሕክምናውን ማን እንደሚያገኝ በዕጣ የሚወሰንበት ማለት ነው። ይህ ለሕክምና ጥያቄ እውነት ነው። «በሽታው ወደ ምን ያመራል?» ለሚል ጥያቄ ኮሆርት (ሰዎችን ለረጅም ጊዜ የሚከታተል ጥናት)፣ እምብዛም ለማይታይ ጉዳት ኬዝ ኮንትሮል (የታመሙትንና ያልታመሙትን ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያነጻጽር)፣ ምርመራው ምን ያህል ልክ እንደሆነ ለማወቅ ምርመራውን ከተረጋገጠው መለኪያ ጋር ያነጻጸረ ጥናት፣ «ታካሚዎች መድኃኒቱን ለምን ያቋርጣሉ?» ለሚለው ደግሞ ኳሊቴቲቭ ጥናት (በቃለ መጠይቅና በመሰል መንገድ የሰዎችን ሐሳብ የሚያጠና) ይሻላል። የመጨረሻውን ጥያቄ በሙከራ ሊመልስ የሚሞክር ሰው ቁጥር ያገኛል እንጂ ምክንያት አያገኝም።

ለሕክምና ጥያቄ ግን ዕጣ ለምን እንደሚያስፈልግ ካረጡ በኋላ ሆርሞን የወሰዱ ሴቶች ታሪክ ያሳያል። በአሜሪካ ብዙ ሴቶችን ለዓመታት የተከታተሉ የምልከታ ጥናቶች (ሕክምናውን ራሳቸው ሳይመድቡ የሚሆነውን ብቻ የሚመዘግቡ) ሆርሞኑ ከልብ በሽታ የሚከላከል አስመስለው ነበር። በ2002 ግን 16,608 ሴቶችን ያሳተፈ ሙከራ ሲታተም ኢስትሮጅንና ፕሮጀስቲን አብረው የወሰዱት ላይ የልብ በሽታ በዛ እንጂ አልቀነሰም፤ ሙከራው ከተያዘለት ጊዜ በፊት ቆመ። ሆርሞኑን ራሳቸው መርጠው ይወስዱ የነበሩት ሴቶች ቀድሞም የተሻለ ኑሮና ጤና የነበራቸው መሆኑ አንዱ ማብራሪያ ነው። በኋላ ደግሞ ሆርሞኑ ከማረጥ በኋላ ስንት ዓመት ቆይቶ መጀመሩም ሚና እንዳለው ታየ።

ውስጡ ሲነበብ

ከዚሁ ሙከራ ሳንወጣ አንድ ቁጥር እንይ። የልብ በሽታ በ29 በመቶ ጨመረ ተባለ። ያስደነግጣል። በዓመት ከ10,000 ሴቶች ሲታይ ፕላሴቦ (መድኃኒት የሌለበት አምሳያ) ከወሰዱት 30፣ ሆርሞን ከወሰዱት 37 ሴቶች ታመሙ ማለት ነው፤ ጭማሪው 7 ነው (29 በመቶው በሌላ የስሌት ዘዴ የተገኘ ስለሆነ 7ን ለ30 ከማካፈል ከሚገኘው ትንሽ ይለያል)። ሁለቱም አገላለጽ ትክክል ነው፤ ታካሚ ሊወስን የሚችለው ግን በሁለተኛው ነው። አንድ ጽሑፍ መቶኛውን ብቻ ሰጥቶ ከስንት ስንት እንደሆነ ከደበቀ፣ ሠንጠረዡን ፈልጎ ራስን ማስላት ይገባል።

ቀጥሎ የተለካው ውጤት ምን እንደሆነ ይታይ። በ1980ዎቹ ሃርት አታክ ከደረሰባቸው በኋላ ያለ ጊዜው የሚመታ የልብ ምት ለነበረባቸው ሰዎች ምቱን የሚያረጋጋ መድኃኒት ይሰጥ ነበር። ካስት በተባለው ሙከራ ኢንካይናይድና ፍሌካይናይድ ምቱን በሚገባ አረጋጉ። ነገር ግን ከ755 መድኃኒት ወሳጆች 63፣ ከ743 ፕላሴቦ ወሳጆች 26 ሞቱ። የደም ምርመራ ቁጥር፣ የኢሲጂ መስመር፣ የአጥንት ጥግግት፦ እነዚህ ሲሻሻሉ ታካሚው ተሻሻለ ማለት ላይሆን ይችላል።

ሦስተኛው፣ ጥናቱ የተካሄደባቸው ሰዎች የእኔን ታካሚ ይመስላሉ ወይ? በ2011 የታተመው ፊስት የተባለው ሙከራ በኬንያ፣ በዩጋንዳና በታንዛንያ በጽኑ ትኩሳት ታመው የደም ዝውውራቸው የተዳከመ 3,141 ሕፃናትን አሳተፈ። በደም ሥር በፍጥነት ፈሳሽ መስጠት በወቅቱ በመመሪያዎች የሚመከር ነበር። በ48 ሰዓት ውስጥ ፈሳሹን በፍጥነት ካገኙት ሁለት ቡድኖች አልቡሚን ከተሰጣቸው 10.6፣ ጨዋማ ፈሳሽ ከተሰጣቸው 10.5 በመቶ፣ ካላገኙት 7.3 በመቶ ሞቱ። ምክሩ የመጣው በአብዛኛው የመተንፈሻ መሣሪያና ጽኑ ሕሙማን ክፍል ካላቸው ሆስፒታሎች ልምድ ነው። የፊስትን ውጤትም በተራው እንዲህ ዓይነት ክፍል ባለበት ቦታ እንደወረደ መተግበር ተመሳሳይ ስህተት ይሆናል።

ውጤቱ በአጋጣሚ ሊመጣ ስለመቻሉ መለኪያ የሆነው ፒ ቫልዩ ላይ ብዙ አልቆይም። እውነተኛው ውጤት ሊገኝበት የሚችለውን ክልል የሚያሳየው ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ይበልጥ ይናገራል፦ ዳርና ዳሩን አይቶ «እውነቱ በዚህኛው ጫፍ ቢሆን ሕክምናውን እሰጥ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ከመመዘኛዎቹ የትኛው?

መመዘኛ ቅጾች ብዙ ናቸው፤ አመራረጣቸው ግን ቀላል ነው። ለንባብ ቡድንና ለጀማሪ ካስፕ ይመቻል፤ ጥያቄዎቹ ጥቂትና ግልጽ ናቸው፣ ነጥብ አይደምሩም። የጆአና ብሪግስ ቅጾች ክሮስ ሴክሽናልን (በአንድ ጊዜ ብቻ የሚለካ ጥናትን) እና የኬዝ ሪፖርትን (የአንድ ታካሚ ዘገባን) ጨምሮ ብዙ ዓይነት ስለሚሸፍኑ ለመመረቂያ ጽሑፍ ይመረጣሉ። ሙከራዎችን ለሪቪው ለሚመዝን ሰው ሮብ 2 አለ፤ አምስት ዘርፎችን ይፈትሻል፣ ጊዜ ይበላል። ሪቪውን ራሱን ለመመዘን በ2017 የወጣውና 16 ጥያቄዎች ያሉት አምስታር 2፣ መመሪያን ለመመዘን 23 ነጥቦች ያሉት አግሪ 2 ናቸው። ግሬድ ከእነዚህ ይለያል። አንድን ጥናት አይመዝንም፤ ስለ አንድ ውጤት የተሰበሰበውን ማስረጃ በሙሉ ይዞ ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ ወይም እጅግ ዝቅተኛ ይለዋል። የአንድ ጥናት ጽሑፍ «በግሬድ ተመዝኗል» ከተባለ የጻፈው ሰው መሣሪያውን አልተረዳውም።

ከሁሉም ቅጽ በፊት ግን ጽሑፉ አለመሰረዙን ማየት ይቀድማል። በግንቦት 2020 በታዋቂ መጽሔት የወጣ፣ 96,032 ታካሚዎችን አጠናሁ ያለ የሃይድሮክሲክሎሮኪን ጽሑፍ የመረጃው ምንጭ ሊረጋገጥ ስላልቻለ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተሰረዘ። የተሰረዘ ጽሑፍ ፐብሜድ ላይ ምልክት ይደረግበታል፤ በስልክ ላይ ተቀምጦ የቆየው ፒዲኤፍ ግን ምንም አይልም።

ሁለት ሪቪዎች ሲጋጩ

ይህ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጥበት ቦታ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ይፈታል። ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍቶ የፍለጋ ቀናቸውን፣ የተቀበሏቸውን ጥናቶች ዝርዝርና የለኩትን ውጤት ማስተያየት ነው። አንዱ የምልከታ ጥናቶችን ከሙከራዎች ጋር ደምሮ፣ ሌላው ሙከራዎችን ብቻ ወስዶ ሊሆን ይችላል። ወይም አንዱ በኋላ የተሰረዘ ጥናት ይዟል። ወይም አንዱ ሞትን፣ ሌላው የሆስፒታል ቆይታን ለክቷል፤ እንዲህ ከሆነ ለካ አልተጋጩም። ዝርዝሩ አንድ ሆኖ መደምደሚያው ብቻ ከተለያየ ደግሞ ልዩነቱ ያለው በጸሐፊዎቹ አተረጓጎም ነው፤ ያኔ ማን ገንዘቡን እንደከፈለ የሚገልጸውን የመጨረሻ አንቀጽ አንብቦ ወደ ሠንጠረዡ መመለስ ይሻላል።